የርዌንዞሪን በረዶ የረገጠው መስፍን

የአዘጋጅ ኮሚቴው በዚህ መጽሔት ላይ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ ምናልባት ስለ ንግድ እጽፋለሁ ብሎ ጠብቆ ይሆናል። እኔ ግን ስለ በረዶ ለመጻፍ መረጥኩ። ልጆቻችን በቴሌቪዥን የአልፕስ ተራሮችን ያያሉ። በስኪና በስኖውቦርድ ከነጭ ተራራ ላይ ቁልቁል የሚንሸራተቱትን ሰዎች ያደንቃሉ። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችንም በበረዶ መካከል ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ ይልኩልናል። ነገር ግን ከካምፓላ ተነሥቶ የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በዚችው በምንኖርባት አገር፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የማይለየው ተራራ መኖሩን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናቸዋል?

ያን ተራራ ጫፉ ድረስ በመውጣት የመጀመሪያ ሆኖ የተመዘገበው ሰው የአብሩዚው መስፍን ሉዊጂ አሜዴዎ ነው። ይህ ሰው ከዑጋንዳ በተጨማሪ ለአገራችን ለኢትዮጵያም ሩቅ አልነበረም። አዲስ አበባ ገብቷል፣ ዋቤ ሸበሌንም ከምንጩ ጀምሮ ተከትሎ ወርዷል። ስለዚህ የሕይወቱ ታሪክ የተወለድንባትንም የምንኖርባትንም አገር ይነካል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ትውልዱና አስተዳደጉ

ሉዊጂ አሜዴዎ የተወለደው ጥር 29 ቀን 1873 በስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ ነው። ጣሊያናዊ ሆኖ ሳለ እዚያ የተወለደበት ምክንያት አባቱ አሜዴዎ በዚያን ጊዜ የስፔን ንጉሥ ስለነበረ ነው። ዳሩ ግን አባቱ በአገሩ ሁከት ተሰላችቶ ልጁ በተወለደ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘውዱን ትቶ ወደ ጣሊያን ተመለሰ። እናቱም ሕፃኑ ገና በሦስት ዓመቱ ሞተችበት። የጣሊያን የመጀመሪያው ንጉሥ ዳግማዊ ቪቶሪዮ ኤማኑዌሌ አያቱ ነበር። የውጫሌ ውል በተፈረመበትና በዓድዋ ጦርነት ዘመን ጣሊያንን ይገዛ የነበረው ንጉሥ ኡምቤርቶ ደግሞ አጎቱ ነበር። ይህን የዝምድና ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እጠይቃለሁ፣ ኋላ እንመለስበታለንና።

ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው ለባሕር ኃይል ትምህርት ተሰጠ። ከባሕር ይልቅ ግን ልቡን የማረከው ተራራ ነበር። የቤተሰቡ ከተማ ቱሪን ከአልፕስ ግርጌ የምትገኝ ናትና በረዶ ከልጅነቱ ጀምሮ በዓይኑ ፊት ነበር። በ1894 በ21 ዓመቱ ማተርሆርን የተባለውን 4,478 ሜትር ከፍታ ያለውን ሾጣጣ ተራራ፣ ዝሙት በሚባለው አስቸጋሪ ጎን፣ ከታወቁ የእንግሊዝ ተራራ ወጪዎች ጋር ወጣ።

ዛሬ በዚያ ተራራ በአንዱ ጎን የስዊዘርላንዷ ዘርማት፣ በሌላው ጎን የጣሊያኗ ቼርቪኒያ ይገኛሉ። ሁለቱ በሽቦ ተንጠልጣይ መኪና ተገናኝተው ከዓለም ትልልቅ የስኪ መዝናኛዎች አንዱ ሆነዋል። ሰው ጠዋት ከስዊዘርላንድ ተነሥቶ፣ በስኪ ተንሸራትቶ፣ ምሳውን ጣሊያን በልቶ ይመለሳል። በመስፍኑ የወጣትነት ዘመን ግን እነዚህ ቦታዎች የእረኞችና የመንገድ መሪዎች መንደር ነበሩ። ስኪ ከኖርዌይ ወደ አልፕስ መግባት የጀመረው ገና በዚያው ዘመን ነው። በጣሊያን የመጀመሪያው የስኪ ክለብም በዚያችው በቱሪን በ1901 ተቋቋመ።

ወደ ሰሜን በረዶ

በ1897 መስፍኑ በአላስካና በካናዳ ወሰን ላይ ያለውን 5,489 ሜትር ከፍታ ያለውን የቅዱስ ኤልያስን ተራራ ጫፍ ከጓደኞቹ ጋር ረገጠ። ከእነርሱ በፊት የደረሰበት ሰው አልነበረም። ከዚያም በ1899 ስቴላ ፖላሬ፣ ማለት የዋልታ ኮከብ፣ በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ተጓዘ። መርከቧ በበረዶ ተያዘች። እሱም የግራ እጁ ሁለት ጣቶች በውርጭ ተጎድተው ጫፋቸው ተቆረጠ። ስለዚህ ወደ ፊት የሚሄደውን ቡድን ለጓደኛው ለኡምቤርቶ ካኚ አስረከበ። ካኚ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ሚያዝያ 25 ቀን 1900 እስከ 86 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ድረስ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ከዚያ በላይ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ሦስት ሰዎች በበረዶው ላይ ጠፍተው ቀሩ። መስፍኑም ዝና ዋጋ እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ ተማረ።

ወደ ዑጋንዳ መምጣቱ

ጥንታዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ጵጦሎሜዎስ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የናይል ውኃ ከጨረቃ ተራሮች በረዶ እንደሚመነጭ ጽፎ ነበር። ስታንሊ በ1888 ርዌንዞሪን ነጭ ለብሶ አየው። ከዚያም በኋላ አውሮፓውያን እየመጡ ሞከሩ፣ ግን ጭጋጉና ረግረጉ እየመለሳቸው ከዋናው ጫፍ ሳይደርሱ ቀሩ። መስፍኑ በ1906 የተነሣው ይህን ጉዳይ ለመጨረስ ነበር።

እንደ ነጋዴ ሳየው የጉዞው ዝግጅት ይደንቀኛል። መስፍኑ ካኚን፣ ሐኪም፣ የድንጋይና የመሬት ሊቅ፣ እንዲሁም ቪቶሪዮ ሴላ የተባለውን ታላቅ ፎቶ አንሺ ይዞ ነበር። ከእነዚህም ጋር ከሞን ብላን ግርጌ ካለችው ከኩርማየር መንደር እነ ጆሴፍ ፔቲጋን፣ ሴዛር ኦሊየንና ጆሴፍ ብሮሼሬልን የመሳሰሉ መንገድ መሪዎችን አመጣ። ኩርማየር ዛሬ የታወቀች የስኪ ከተማ ናት። ከኔፕልስ በመርከብ ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ በባቡር ኪሱሙ፣ ከኪሱሙ ሐይቁን ተሻግረው እንጦቤ ደረሱ። ከእንጦቤ እስከ ፎርት ፖርታል ግን መኪና የለም፣ በእግር ሁለት ሳምንት ያህል ነው። ድንኳኑን፣ ገመዱን፣ ምግቡንና የፎቶግራፍ ዕቃውን ሁሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች በራሳቸው ላይ ይዘውት ሄዱ። ዛሬ በአውቶቡስ ያን መንገድ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ሰዓት ስንጨርሰው እነዚያን ሰዎች ማሰብ ይገባናል።

ከኢባንዳ በላይ በሙቡኩ ሸለቆ ሲወጡ የሜዳው ተሸካሚዎች ቀርተው የተራራው ተወላጆች ባኮንጆዎች ሸክሙን ተቀበሉ። በባዶ እግራቸው በጭቃ፣ በሥራሥርና በድንጋይ ላይ እየተራመዱ ቡጆንጎሎ ከተባለው የድንጋይ ጥላ አደረሷቸው። በታሪክ መጽሐፍ የመስፍኑና የመንገድ መሪዎቹ ስም በደማቁ ተጽፏል። የባኮንጆዎቹ ስም ግን አብዛኛው አልተጻፈም። ተራራው ደግሞ መጀመሪያም የነርሱ ነበር፣ በቋንቋቸው በረዶውን ንዙሩሩ ብለው የሚጠሩት እነርሱ ናቸው።

ሰኔ 18 ቀን 1906፣ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 11 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ መስፍኑና መንገድ መሪዎቹ መጀመሪያ አሌክሳንድራ የተባለውን ጫፍ፣ ቀጥሎም በጭጋግ ውስጥ በበረዶ ግግር ላይ ተሻግረው 5,109 ሜትር ከፍታ ያለውን የመጨረሻውን ጫፍ ረገጡ። በዚያው ጉዞ ሌሎቹንም ዋና ዋና ጫፎች ወጥተው ካርታቸውን አነሡ። ለተራሮቹም ስታንሊ፣ ስፔክ፣ ቤከር፣ ኤሚንና ጌሲ የሚሉ የአሳሾች ስም ተሰጣቸው። አንዱም በራሱ በመስፍኑ ስም ሉዊጂ ዲ ሳቮያ ተባለ። ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ በአፍሪካ ሦስተኛ የሆነውን ትልቁን ጫፍ ግን ማርጋሪታ ብሎ ሰየመው።

ማርጋሪታ ማን ነበረች? የንጉሥ ኡምቤርቶ ሚስት፣ የመስፍኑ አጎት ባለቤት ነበረች። የማርጋሪታ ፒዛም በስሟ እንደተጠራ ይነገራል። እንግዲህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጦሩ ድል የሆነበት ንጉሥ ሚስት ስሟ ከ10 ዓመት በኋላ በዑጋንዳና በኮንጎ ወሰን ከፍተኛ ቦታ ላይ ተጻፈ ማለት ነው። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ነገር የሚያስገርምም የሚያስተምርም ነው። ኢትዮጵያ ተራሮቿን በገዛ ቋንቋዋ እየጠራች የኖረችው በነፃነቷ ምክንያት ነው።

ከርዌንዞሪ በኋላ

በ1909 መስፍኑ ወደ ካራኮረም ሄዶ ኬ2 የተባለውን የዓለም ሁለተኛ ተራራ ሞከረ። ጫፉ ላይ ባይደርስም የጀመረው መንገድ እስከ ዛሬ የአብሩዚ ጎን ይባላል። በ1954 ጣሊያኖች ተራራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት በዚያው ጎን ነው። በዚያው ጉዞ ቾጎሊሳ በተባለ ሌላ ተራራ ላይ እስከ 7,500 ሜትር ገደማ ወጣ። በዚያን ጊዜ በእግሩ ከዚያ በላይ የወጣ ሰው አልተመዘገበም ነበር።

በግል ሕይወቱ ግን አልቀናውም። ካትሪን ኤልኪንስ የተባለች የአሜሪካ ሴናተር ልጅ ወድዶ ነበር፣ ነገር ግን ከንጉሣውያን ወገን ስላልሆነች ጋብቻው ሳይፈጸም ቀረ። በይፋ ሚስት ሳያገባ ኖረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጣሊያንን መርከቦች እስከ 1917 መጀመሪያ በዋና አዛዥነት መራ። የተሸነፈው የሰርቢያ ጦርም በመርከብ ሲወጣ ረዳ።

ወደ አገራችን መምጣቱ

ከጦርነቱ በኋላ መስፍኑ አውሮፓን ትቶ ወደ ጣሊያን ሶማሊያ መጣ። በ1920 የእርሻ ኩባንያ አቋቁሞ ዛሬ ጆሃር በምትባለው ቦታ በዋቤ ሸበሌ ዳር ግድብና ቦይ አስቆፍሮ ሸንኮራ፣ ጥጥና ሙዝ አስተከለ። ሥራው ትልቅ ነበር። ነገር ግን መሬቱ የሶማሌው ሕዝብ ነበር። በዚያ ቅኝ ግዛት በእርሻዎች ላይ ሰው በግዴታ እንዲሠራ ይደረግ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም።

በ1927 የጣሊያን መንግሥት ልዑክ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በክብር ተቀበሉት። ራስ ተፈሪ በ1924 ጣሊያንን ጎብኝተው ስለነበር ያ ጉብኝት ብድር መመለሻ ነበር። በነሐሴ 1928 ኢትዮጵያና ጣሊያን የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መስፍኑ ፈቃድ አግኝቶ ከአዲስ አበባ ተነሣ። በአርሲና በባሌ ደጋ የዋቤ ሸበሌን ምንጭ ካየ በኋላ ወንዙን ተከትሎ በ1929 መጀመሪያ ላይ ሶማሊያ ወረደ። ያን ጊዜ ዕድሜው 56 ዓመት ነበር።

በመጨረሻም በማይድን ሕመም ተያዘ። መሞቱን እያወቀ ከጣሊያን ወደ ሶማሊያ ተመለሰ። መጋቢት 18 ቀን 1933፣ በኛ መጋቢት 9 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ በ60 ዓመቱ በዚያው በእርሻው መንደር ሞተ። እንደ ፈቃዱም እዚያው ተቀበረ።

ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ የወዳጅነት ውሉ ፈርሶ ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች። ከጦር ግንባሮቹ አንዱም እሱ ከኖረባት ከሶማሊያ ተነሣ። የአጎቱ ልጅ ንጉሥ ሣልሳዊ ቪቶሪዮ ኤማኑዌሌ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አለ። የወንድሙ ልጅ፣ አባቶቻችን ዱክ ዳኦስታ ብለው የሚያውቁት፣ በወጣትነቱ ከመስፍኑ ጋር ሶማሊያ የነበረው ነው። በአዲስ አበባ እንደራሴ ሆኖ ቆይቶ በ1941 አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጠ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ናይሮቢ ውስጥ ሞተ። ድል ያደረጉትም አርበኞቻችንና አጋሮቻቸው ናቸው። ስለ መስፍኑ ስንናገር እንግዲህ ሁለቱንም አብረን መናገር አለብን። ደፋር፣ ታታሪ፣ ተራራችንን የወደደ ሰው ነበረ። ሆኖም የሌላውን አገር በሚመኝ ዙፋን ሥር ያደረ ሰው ነበረ። አንዱን ብቻ ለልጆቻችን ብንነግር ታሪኩን በግማሽ ነገርናቸው ማለት ነው።

ለልጆቻችን የሚቀረው

በ2006፣ ርዌንዞሪ ከተወጣ ልክ በ100ኛው ዓመት፣ የክረምት ኦሊምፒክ በመስፍኑ ቤተሰብ ከተማ በቱሪን ተደረገ። በዚያ ውድድር አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በስኪ ተሰልፎ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ አሳየ። ከዓድዋ 110 ዓመት በኋላ አንድ ኢትዮጵያዊ በአልፕስ በረዶ ላይ በሰላም ሮጠ። ይህ ደስ የሚል ነው።

የሚያሳዝነው የርዌንዞሪ በረዶ ነገር ነው። መስፍኑ በመጣበት ዘመን በስድስት ተራሮች ላይ በጠቅላላው 7 ከግማሽ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የበረዶ ግግር እንደነበረ ይገመታል። በ2005 ወደ 1 ከግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር፣ ዛሬ የቀረው በአብዛኛው በስታንሊ ተራራ ላይ ነው። ዓለም እየሞቀ በመሄዱ የአልፕስም በረዶ እየሳሳ ነው። የስኪ ከተሞቹ ሀብታም ስለሆኑ በመኪና በረዶ ይሠራሉ። ለርዌንዞሪ ግን ማንም በረዶ አይሠራለትም። ያ ሴላ ያነሣው ፎቶግራፍ ዛሬ ለሊቃውንት የጠፋውን መለኪያ ሆኗል።

ቦታው ከ1991 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ1994 ጀምሮም የዓለም ቅርስ ነው። ስኪ የሚነዳበት አይደለም፣ ገደሉ፣ ጭጋጉና ስንጥቅ በረዶው አይፈቅድም። ጫፉ ላይ ለመድረስም ጉልበት፣ መሪና ቀናት ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ ከካሴሴ አካባቢ ቆሞ ነጩን ማየት ማንም ቤተሰብ ይችላል። ስለዚህ ማኅበራችን ለልጆች ጉዞ ባዘጋጀ ቁጥር በየዓመቱ ወደ ጂንጃ ብቻ ከመሄድ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ ቢያዞራቸው መልካም ነው እላለሁ። በረዶው ሳያልቅ ይዩት፣ ከዚያ የሚወርደው ውኃ ነጭ ዓባይን ተከትሎ ካርቱም ላይ ከኛ ዓባይ ጋር እንደሚገናኝም ይወቁ። የባኮንጆ ሽማግሌዎችን ሰላም ይበሉ፣ ስማቸውንም ይጠይቁ።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።