ቀልዱን የደበቀው መምህር፤ የሮዶልፍ ቶፕፈር ሕይወትና ሥራ

ተማሪ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የመምህሩን መልክ ሲሥል መያዙ በየትም አገር የታወቀ ነው። መምህሩ ራሱ ማታ ማታ እንዲህ ያለ ሥዕል እየሣለ ከባልደረቦቹ መደበቁ ግን እምብዛም አይሰማም። ዛሬ ኮሚክስ ለምንለው፥ በተከታታይ ሥዕል ለሚነገረው ታሪክ፥ እንደ አባት የሚቆጠረው ሮዶልፍ ቶፕፈር እንዲህ ያለ ሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቶፕፈር በጃንዋሪ 31 ቀን 1799 በጄኔቫ ተወለደ። አባቱ ቮልፍጋንግ አዳም ቶፕፈር ስመ ጥር ሠዓሊ ስለ ነበረ ልጁም የአባቱን ሙያ ለመውረስ ይመኝ ነበር። ነገር ግን ገና በወጣትነቱ የዓይን ሕመም ያዘውና የቀለም ቅብ ሥራ የማይቻለው ሆነ። ይህ ለአንድ ወጣት ቀላል ኀዘን አልነበረም። እሱም ፊቱን ወደ ማስተማር መለሰ። በ1823 ካገባ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የራሱን አዳሪ ተማሪ ቤት ከፈተ፤ በዕረፍት ወራትም ተማሪዎቹን አስከትሎ በአልፕስ ተራሮች በእግሩ ይዞር ነበር። በ1832 በጄኔቫ አካዳሚ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆነ።

ቀለም ቢከለከል ብዕር አልተከለከለም። በትርፍ ጊዜው ለተማሪዎቹ ማሳቂያ እንዲሆን አስቂኝ ታሪኮችን በሥዕል ይሠራ ጀመር። በ1827 የሣለው ሙሴ ቪዩ ቧ በአንዲት ወፍራም ሴት ፍቅር የሚማቅቅ፥ ከመከራ ወደ መከራ የሚወድቅ፥ ከእያንዳንዱ መከራ በኋላ ግን ሸሚዙን መለወጥ የማይረሳ ሰው ነው። ሙሴ ክሬፓን ደግሞ የ11 ልጆች አባት ሲሆን አስተማሪ እየቀጠረ ያሰናብታል። እያንዳንዱ አስተማሪ በራሱ ዘዴ ይመጻደቃል፤ አንደኛውም የራስ ቅል እየዳሰሰ የልጆቹን ጠባይ አውቃለሁ ይላል። እንዲህ ያለውን መምህር ያላየ ተማሪ በመካከላችን አለን?

ቶፕፈር ግን እነዚህን ሥራዎች ለሕዝብ ለማውጣት ፈራ። ለመምህር የማይገባ ጨዋታ ተብሎ ክብሩን እንዳይነካበት ሠጋ። ወዳጁ ፍሬዴሪክ ሶሬ ሥዕሎቹን ወደ ቫይማር ወስዶ ለታላቁ የጀርመን ባለቅኔ ለጎተ አሳየለት። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በ1831 ሥዕሎቹን አይቶ እጅግ ተደሰተ፤ ይህ ሰው ከዚህ የከበደ ጉዳይ ቢመርጥ ሊታሰብ የማይችል ሥራ ይሠራ ነበር የሚል አሳብም ሰጠ። ቶፕፈር በዚህ ተበረታቶ በ1833 ሙሴ ዣቦን አሳተመ። እንደዚያም ሆኖ መጽሐፉ ለሽያጭ የወጣው በ1835 ነው።

ያሳተመበት ዘዴ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በተለመደው የድንጋይ ኅትመት ሠዓሊው ሥዕሉንም ጽሑፉንም በድንጋዩ ላይ ገልብጦ መሥራት ነበረበት። ቶፕፈር ግን በተለየ ወረቀት ላይ ቅባት ባለው ቀለም እንደ ልማዱ ይሥላል፥ ይጽፋልም። ወረቀቱ ድንጋዩ ላይ ሲጫን መልኩ ተገልብጦ ይያዛል፤ ሲታተምም ቀንቶ ይወጣል። ስለዚህ የገዛ እጁ ጽሑፍ ከሥዕሉ ሥር ተነበበ። በእሱና በአንባቢው መካከል ሌላ ቀራጭ አልገባም። ሥዕሉ ያለ ጽሑፉ ግልጽ እንዳልሆነ፥ ጽሑፉም ያለ ሥዕሉ ከንቱ እንደ ሆነ ያምን ነበር። በስቴንስል ላይ በእጁ የጻፈ ተማሪ ይህን ነጻነት ሳይነገረው ያውቀዋል።

መጽሐፎቹ ከደራሲያቸው ይልቅ ደፋሮች ሆኑ። በ1839 የፓሪሱ አሳታሚ ኦቤር ያለ ፈቃዱ አስገልብጦ ሸጣቸው። ሙሴ ቪዩ ቧ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1841 በሎንዶን፥ በ1842 በኒው ዮርክ ታተመ። ቶፕፈር ራሱ በ1845 ስለዚህ ጥበብ አንድ ድርሳን ጻፈ። በዚያም ማንም ሰው አንድ ፊት ቢሥል፥ መሥመሩ ምንም ጎባጣ ቢሆን፥ ፊቱ አንድ ጠባይ ሳይናገር እንደማይቀር አስረዳ።

እውነቱን ለመናገር ቶፕፈር የለውጥ ወዳጅ አልነበረም። በ1845 ባወጣው የአልቤር ታሪክ የጄኔቫን ተራማጆች፥ ይልቁንም መሪያቸውን ጄምስ ፋዚን፥ አላገጠባቸው። በጁን 8 ቀን 1846 በ47 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ተራማጆቹ መንግሥቱን ገልብጠው ፋዚ ሥልጣን ያዘ። ስለዚህ ብዕሩ ስል ነው ብለን አሳቡን ሁሉ ልንቀበል አይገባም።

የዚህ ሰው ሕይወት ግን አንድ ነገር ይጠይቀናል። ፕሮፌሰርነቱ አስከበረው፤ ዛሬ ስሙን የሚያስጠራው ግን ያፈረበት ጨዋታ ነው። ጎተ እንኳ የከበደ ጉዳይ ቢመርጥ ብሎ ተመኘ፤ የቀረው ግን ያው ቀላል የተባለው ሆነ። እኛም ከባድ መስሎ ለመታየት ስንል በደብተራችን ጠርዝ የምንተወው ነገር ምን እንደ ሆነ እያንዳንዳችን እንመርምር።