ቤቲ ሆልበርተንና የተነቀለው ገመድ

ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ግራ መጋባቱ አይቀርም። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ መልሱ ግን የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ በስንተኛው እርምጃ ላይ እንደ ገባ መልሱ አይናገርም። ለዚህ ችግር ዘዴ ካበጁት ሰዎች አንዷ ቤቲ ሆልበርተን ስለሆነች፣ በዛሬው ጽሑፋችን ሕይወቷንና ሥራዋን ባጭሩ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንሲስ ኤሊዛቤት ስናይደር፣ በቁልምጫ ስሟ ቤቲ፣ ማርች 7 ቀን 1917 በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ተወለደች። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ቀን አንድ የሂሳብ መምህር፣ ቤት ተቀምጣ ልጆች ብታሳድግ አይሻላት እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ሂሳቡን ትታ ጋዜጠኝነት ተማረች። የአንድ መምህር ቃል እኮ የተማሪን መንገድ እስከዚህ ድረስ ሊያጣምም ይችላል።

ወደ ሂሳብ የመለሳት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመድፍ ጥይት የሚጓዝበትን መስመር የሚያሰሉ ሴቶችን በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ በሙር የምሕንድስና ትምህርት ቤት አሰባስቦ ነበር። የአንዱን ጥይት ጉዞ አስልቶ ለመጨረስ ለአንድ ሰው እስከ 40 ሰዓት ሊፈጅ ይችል ነበር። በ1945 ኤኒያክ የተባለው አዲሱ የኤሌክትሮኒክ ማሽን ሲዘጋጅ፣ ፕሮግራሙን እንዲሠሩ ከተመረጡት 6 ሴቶች አንዷ ቤቲ ሆነች።

ኤኒያክ ክብደቱ 30 ቶን፣ የቫኪዩም ቱቦዎቹም ወደ 18,000 የሚጠጉ ነበሩ። ፕሮግራሙ እንደ ዛሬው አይጻፍም፤ ገመድ ከክፍል ወደ ክፍል ይሰካል፣ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይስተካከላሉ። ለሴቶቹ የመማሪያ መጽሐፍ አልተሰጣቸውም። የማሽኑን ንድፍ እያገላበጡ፣ መሐንዲሶቹን እየጠየቁ በራሳቸው ጥረት ተማሩት።

የማሽኑ አሠራር እንዲህ ነው፦ አንዱ ክፍል ሥራውን ሲጨርስ በገመድ ምልክት ይልክና ቀጣዩን ክፍል ያስነሣል። ቤቲና ጓደኞቿ ታዲያ አንድ ነገር አስተዋሉ። ገመዱ ቢነቀል ምልክቱ አያልፍም፤ ሂሳቡም እዚያው ላይ ይቆማል። በዚያን ጊዜ በማሽኑ ፊት የበሩትን ትንንሽ መብራቶች አንብበው፣ አስቀድሞ በእጅ ከተሠራው ሂሳብ ጋር ያስተያያሉ። ልክ ከሆነ ገመዱን መልሰው ሰክተው ወደፊት ይቀጥላሉ፤ ካልሆነ ስሕተቱ ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው። ይህን ማስቆሚያ ብሬክፖይንት አሉት፤ የተቋረጠበት ቦታ እንደ ማለት ነው።

ኤኒያክ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1946 ለእንግዶች ሊታይ ተወሰነ። ፕሮግራሙን ያሰናዱት ቤቲና ጂን ጄኒንግስ ነበሩ። ዋዜማው ላይ ግን ጉድ ታየ። ጥይቱ መሬት ሲነካ ሂሳቡ መቆም ሲገባው፣ ማሽኑ ጥይቱ ከመሬት በታች የሚጓዝ ይመስል ማስላቱን ቀጠለ። ቤቲ ነገሩን እያሰላሰለች ተኛች፤ በማግስቱ ማልዳ መጥታ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አስተካከለች፤ በቃ፣ ተቃና። ማሽኑም የጥይቱን ጉዞ በ20 ሰከንድ ገደማ አሰላ። እንግዶቹ ተደነቁ፤ ማታ ግን ሴቶቹን ለእራት የጠራቸው አልነበረም።

ቤቲ በዚህ ተስፋ አልቆረጠችም። ዩኒቫክ ለተባለው ኮምፒዩተር በፊደል የሚታወሱ ትእዛዞችን አዘጋጀች። በ1951 መረጃን የሚደረድር ፕሮግራም ራሱ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራች። ከ1959 ጀምሮ በኮቦል፣ በኋላም በፎርትራን ቋንቋ ዝግጅት ተካፈለች። በ1997 ታላላቅ ሽልማቶች ተሰጧት። ዲሴምበር 8 ቀን 2001 በ84 ዓመቷ ዐረፈች።

ዛሬ የሚነቀል ገመድ የለም፤ ማስቆሚያውን የሚያኖረው ዲበገር የሚባለው ስሕተት መፈለጊያ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ጸሐፊውም ለማስቆሚያው የራሱን ደንብ ሊያወጣለት ይችላል። የጥይቱን ሂሳብ እንውሰድ። አንድ እርምጃ 1,000 ጊዜ ቢደጋገም፣ በየጊዜው መቆም አሰልቺ ነው። ስለዚህ ጂ.ዲ.ቢ. በተባለው ዲበገር ከፍታው ከዜሮ በታች ሲወርድ ብቻ እንዲቆም ይታዘዛል። ወይም በደረሰ ቁጥር ከፍታውን አሳይቶ በራሱ እንዲቀጥል ይደረጋል። ከ2009 ወዲህም ይህን የመሰለውን ደንብ በፓይተን ቋንቋ መጻፍ ተችሏል። ዘዴው ረቀቀ እንጂ ሐሳቡ ያው የገመዱ ሐሳብ ነው።

ለእኛ ለመምህራንና ለዕጩ መምህራንም ቢሆን ትምህርት አለው። ተማሪው ረጅም ማካፈል ሠርቶ መልሱን ሲስት፣ ኤክስ አድርጎ ደብተሩን መመለስ ቀላል ነው። ኤክሱ ግን የት እንደ ሳተ አይነግረውም። እስከ ሦስተኛው እርምጃ አብረነው እንሂድ፤ እዚያ እናስቁመውና ቁጥሩን እንይ። ልክ ከሆነ እንቀጥል፤ ካልሆነ ስሕተቱን ከዚያ ወዲህ እንፈልገው። ልጁ ሂሳብ አይሆንለትም ብሎ ከመፍረድ በፊት ይህን ማድረግ ይገባናል።