የኦዝን አስማተኛ የጻፈው ሰው
የፍራንክ ባውም የሕይወት ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ፥ ከየክፍሉ የተመረጡ ተማሪዎች የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዲጽፉ ታዘዋል። ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ሊቃውንት ለመጻፍ ሲሽቀዳደሙ፥ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ወድቆ ብዙ ጊዜ የተነሣ አንድ ሰው መረጥን። ይህም ሰው ላይማን ፍራንክ ባውም የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ነው። የኦዝን አስማተኛ ተረት የጻፈ፥ ተረቱም በዘፈንና በሙዚቃ ወደ መድረክ እንዲወጣ የደከመ እርሱ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ሕፃናት እየዘፈኑ የሚጫወቱት ይህ ታሪክ ከምን ዓይነት ሕይወት እንደ ወጣ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳስባለን።

ፍራንክ ባውም ሜይ 15 ቀን 1856 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት ቺትናንጎ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቤንጃሚን ባውም መጀመሪያ በርሜል ሠሪ ነበረ፤ በኋላ ግን በፔንሲልቫንያ የነዳጅ ዘይት በተገኘ ጊዜ በዚያ ንግድ ገብቶ ሀብታም ሆነ። ከተወለዱት ዘጠኝ ልጆች ለዐዋቂነት የበቁት አምስት ብቻ ናቸው። ፍራንክም ቢሆን ልቡ ደካማ ስለ ነበረ እንደ ሌሎች ልጆች መሮጥና መታገል አልቻለም። ስለዚህ ከቤት ውስጥ ተቀምጦ ተረት ማንበብና በሐሳቡ መጓዝ ለመደ።

ወላጆቹ ይህ ሕልመኛ ልጅ እንዲጠነክር በማሰብ በ12 ዓመቱ ፒክስኪል ወደሚባል የወታደር ትምህርት ቤት ላኩት። በዚያ ያለው ጥብቅ ሥርዓት ግን ለእርሱ ከባድ መከራ ሆነበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ታሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አባቱም አልተቈጣም፤ ይልቁንም ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ ገዛለት። ፍራንክ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆኖ በዚያች መሣሪያ የቤተ ሰቡን ጋዜጣ ያትም ጀመር። ለወታደርነት ያልተፈጠረ ልጅ ለጽሕፈት ተፈጥሮ እንደ ነበረ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕድሜው ሥራ የመለዋወጥ ታሪክ ነው። በወጣትነቱ ሃምቡርግ የሚባል ዘር ያላቸውን ዶሮዎች አረባ፤ በ1886 ዓ.ም. የታተመውም የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለነዚሁ ዶሮዎች የተጻፈ ነው። ነገር ግን ከሁሉ በላይ የወደደው ቲያትርን ነበረ። አባቱ በሪችበርግ ከተማ ቲያትር ቤት ሠራለት። በ1882 ዓ.ም. ባውም ራሱ ቲያትር ጻፈ፥ ዘፈኖቹን ደረሰ፥ ዋናውንም ሰው ሆኖ ተጫወተ፤ ከጓደኞቹም ጋር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ አሳየ። በዚህ ዙረት ላይ ሳለ የሪችበርጉ ቲያትር ቤት ተቃጠለ፤ በውስጡም የነበሩት ድርሰቶቹ ዐመድ ሆኑ። በዚያች ዕለት ይታይ የነበረው የራሱ ድርሰት ርእሱ ክብሪት መሆኑ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ማውድ ጌጅ የተባለችውን ወጣት አገባ። የእርሷ እናት ማቲልዳ ጆስሊን ጌጅ በአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ከታገሉት ከታወቁት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ማውድ ብልህና ቈራጥ ስለ ነበረች የቤቱን ገንዘብ የምትይዘው እርሷ ነበረች። ባውም የገንዘብ ነገር አያውቅበትምና ይህ ለአራቱ ወንዶች ልጆቻቸው በረከት ሆነ።

በ1888 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ ወደ ምዕራብ ተጉዞ በዳኮታ አገር አበርዲን በምትባል አዲስ ከተማ ሰፈረ። ባውም በዚያ የአሻንጉሊትና የልዩ ልዩ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። ዝናም ጠፍቶ ገበሬው በተቸገረ ጊዜ ግን ለለመነው ሁሉ በዱቤ ይሰጥ ነበረና ከአንድ ዓመት ጥቂት ብቻ አልፎ ሱቁ ተዘጋ። ቀጥሎ ጋዜጣ ያዘ፤ እርሱም በ1891 ዓ.ም. ቆመ። ያ ደረቅና ግራጫ ሜዳ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ካንሳስ ተብሎ ይገኛል።

የአንድን ሰው ሕይወት ስንጽፍ መልካሙን ብቻ መርጠን ብናወጣ አንባቢውን እንዳታለልን ይቈጠራል። ስለዚህ የሚከተለውንም እንናገራለን። በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ የላኮታ ሕዝብ አለቃ ሲቲንግ ቡል ሲገደል፥ ከጥቂት ቀንም በኋላ በውንድድ ኒ ብዙ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት በወታደሮች ሲጨፈጨፉ፥ ባውም በጋዜጣው የቀሩት የአገሩ ተወላጆች ጨርሰው እንዲጠፉ የሚመክር ርእሰ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጻፈ። ለሕፃናት ደግ ልብ የነበረው ሰው የሌሎችን ሕፃናት ሞት አቃለለ። የገዛ አማቱ ስለ ተወላጆቹ ሕዝቦች በአክብሮት ይጽፉ ነበረና ሌላ ሐሳብ የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው ማለት አይቻልም። በ2006 ዓ.ም. ከዘሮቹ ሁለት ሰዎች ስለዚህ ጽሑፍ ይቅርታ ጠይቀዋል። እኛም ይህን የምንጽፈው፥ ብዕር የያዘ ሰው በቍጣና በፍርሃት ቀን የጻፈው ቃል ከመቶ ዓመት በኋላም እንደሚከተለው ተማሪዎች እንድናስተውል ነው።

ከአበርዲን በኋላ ወደ ቺካጎ ሄዱ። ባውም ጥቂት ጊዜ የጋዜጣ ወሬ አቅራቢ ሆነ፤ ደመወዙ ስላልበቃውም ሳህንና ፍንጃል በሣጥን ይዞ በባቡር እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ሆነ። ከዙረት ሲመለስ ማታ ማታ ልጆቹን ሰብስቦ ከራሱ የፈጠረውን ተረት ይነግራቸው ነበረ፤ የጎረቤት ልጆችም እየመጡ ያደምጡ ነበረ። ተረቶቹን እንዲጽፋቸው አጥብቀው የመከሩት አማቱ እንደ ነበሩ ይነገራል። በ1897 ዓ.ም. የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፉ ወጣ። በ1899 ዓ.ም. ደግሞ ከሠዓሊው ከዊልያም ደንስሎ ጋር ያዘጋጀው የግጥም መጽሐፍ ሳይታሰብ በብዛት ተሸጠ። በዚያው ዓመት የኦዝን አስማተኛ ጽፎ ሲጨርስ፥ የጻፈበትን ቁራጭ እርሳስ በፍሬም አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ያን ጊዜ ዕድሜው 43 ዓመት ነበረ።

መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ታተመ። ታሪኩን ለማያውቁ ወላጆች በጥቂት ቃል እንገልጸዋለን። ዶሮቲ የምትባል ልጅ ከካንሳስ በዐውሎ ነፋስ ተነጥቃ ኦዝ ወደሚባል አገር ትደርሳለች። ወደ ቤቷ የሚመልሳትን አስማተኛ ፍለጋ ስትጓዝ በመንገድ ሦስት ጓደኞች ታገኛለች፤ እነርሱም አእምሮ የሚሻ በገለባ የተሞላ የወፍ ማስፈራሪያ፥ ልብ የሚሻ የቆርቆሮ እንጨት ቆራጭ፥ ድፍረት የሚሻ አንበሳ ናቸው። አስማተኛው ግን ተራ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ሦስቱም የሚፈልጉት ነገር ከመጀመሪያው በእጃቸው እንደ ነበረ በመንገዱ ላይ ከሠሩት ሥራ አንባቢው ይረዳል። በዚያ ዓመት ለገና ማውድ ትንሽ ገንዘብ እንዲያመጣላት ወደ አሳታሚው ብትልከው ወረቀቱን ሳያይ በኪሱ ከቶ መጣ፤ ሲገለጥ ከ3,400 ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ እየተባለ ይተረካል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። ባውም የልጅነት ፍቅሩን ቲያትርን አልረሳምና፥ ፖል ቲትጀንስ ከሚባል ወጣት የሙዚቃ ደራሲ ጋር ሆኖ ታሪኩን ወደ ሙዚቃ ቲያትር ለወጠው። አዘጋጁ ጁልያን ሚቸል ግን ድርሰቱን አንብቦ አልወደደውም፤ ብዙ ዘፈን፥ ብዙ ጭፈራ፥ ለዐዋቂዎችም የሚሆን ቀልድ እንዲጨመርበት አደረገ። ክፉዋ የምዕራብ ጠንቋይ ወጣች። የዶሮቲ ትንሽ ውሻ በላም ተተካ፤ ላሟን የሚጫወተው ቆዳ የለበሰ ሰው ነበረ። በሚያስተኙት ቀይ አበቦች መካከል ዶሮቲ ስትወድቅ፥ በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው ሳይሆን ደግዋ ጠንቋይ በረዶ አዝንማ አበቦቹን ታደርቃቸዋለች።

ቲያትሩ ጁን 16 ቀን 1902 ዓ.ም. በቺካጎ ተከፈተ። ፍሬድ ስቶን የተባለው ተጫዋች የወፍ ማስፈራሪያ፥ ጓደኛው ዴቪድ ሞንትጎመሪ የቆርቆሮው ሰው ሆነው ቀረቡ። ስቶን መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ በእንጨት ላይ እንደ ተሰቀለ ብዙ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ይቆይ ስለ ነበረ፥ ተመልካቹ እውነተኛ ገለባ ነው ብሎ ያምን ነበረ፤ በኋላ ሲላቀቅና ሲደንስ ቤቱ በጭብጨባ ይናወጥ ነበረ። በጃንዩወሪ 21 ቀን 1903 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ ማጄስቲክ ቲያትር ተዛውሮ ወደ 300 ለሚጠጋ ጊዜ ታየ፤ ከዚያም በብዙ ከተሞች ለዓመታት ዞረ። ባውም ታሪኩ በመለወጡ መጀመሪያ ቢከፋም፥ ሕዝቡ ደስ ከተሰኘ ይበቃል ብሎ ተቀበለው። ከደንስሎ ጋር ግን በገንዘብ ድርሻ ተጣልተው ተለያዩ። ደንስሎ በድርሻው በቤርሙዳ ደሴት ገዝቶ ራሱን የደሴቲቱ ንጉሥ ብሎ ሰየመ።

ይህ መልካም ዕድል ለባውም ወጥመድም ሆነበት። አንድ ጊዜ የሆነው ሁለተኛ ጊዜ ይሆናል ብሎ በ1905 ዓ.ም. ሁለተኛውን የኦዝ መጽሐፍ ወደ መድረክ ቢያወጣ አንድ ወር ሳይሞላው ተዘጋ። በ1908 ዓ.ም. ደግሞ ነጭ ልብስ ለብሶ በመድረክ እየቆመ፥ ቀለም የተቀባ ተንቀሳቃሽ ፊልምና ሥዕል በሙዚቃ እያጀበ ተረቱን ለሕፃናት ይተርክ ጀመር። አዳራሹ ቢሞላም ወጪው ከገቢው በለጠ። በዚህም ዕዳ ምክንያት በ1911 ዓ.ም. መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። በስሙ የቀረው ንብረት ልብሱ፥ መጻሕፍቱና የጽሕፈት መኪናው ብቻ ነበረ፤ የቀረውን አስቀድሞ በማውድ ስም አዛውሮት ነበረ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የዋናው መጽሐፍ ገቢ ለባለዕዳዎች መተላለፉ ነው።

በ1910 ዓ.ም. የኦዝን ታሪክ ስድስተኛውን መጽሐፍ ጽፎ ለመዝጋት ፈልጎ ነበረ። ነገር ግን በአንድ በኩል የሕፃናት ደብዳቤ፥ በሌላ በኩል ዕዳው ወደ ኦዝ መለሱት፤ ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አንዳንድ ጻፈ። በሆሊውድ ቤት ሠርቶ አበባ እየተከለ፥ ከልብና ከሐሞት ሕመሙ ጋር እየታገለ፥ የመጨረሻዎቹን መጻሕፍት ከአልጋ ሳይነሣ ፈጸመ። ሜይ 6 ቀን 1919 ዓ.ም.፥ 63 ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዐረፈ። የኦዝ መጻሕፍቱ 14 ሲሆኑ የመጨረሻው ከሞተ በኋላ በ1920 ዓ.ም. ታተመ።

ባውም ካለፈ ከ20 ዓመት በኋላ፥ በ1939 ዓ.ም. ጁዲ ጋርላንድ የተጫወተችበት የሙዚቃ ፊልም ወጣ። ማውድ በሕይወት ነበረችና ለማየት በቃች። በዚህ ፊልም ውስጥ ውሻውና ክፉዋ ጠንቋይ እንደ መጽሐፉ ተመለሱ፤ በቀይ አበቦች ላይ የሚወርደው በረዶ ግን ከ1902ቱ ቲያትር የተወሰደ ነው። በ1975 ዓ.ም. ጥቁር አሜሪካውያን ተጫዋቾች ታሪኩን በራሳቸው ሙዚቃ በብሮድዌይ መድረክ አሳይተው ሰባት የቶኒ ሽልማት አገኙ። የመጽሐፉ የደራሲነት መብት በ1956 ዓ.ም. ስላበቃ፥ ማንኛውም የትምህርት ቤት ክበብ ከመጽሐፉ የራሱን ቲያትር ሊያወጣ ይችላል።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር አስተዋልን። ለዐዋቂዎች ተብለው በ1902 ዓ.ም. የተጨመሩት ቀልዶች ሁሉ ዛሬ ተረስተዋል፤ ጸንቶ የቀረው አንድ ደካማ ነጋዴ ማታ ለልጆቹ የተረከው ነው። ባውም ብዙ ገንዘብ ያወጣባቸው ነገሮች ከሰሩ፤ በቁራጭ እርሳስ የጻፈው ግን ኖረ። እኛም ፈተና ስንወድቅ፥ ከቡድን ስንወጣ፥ ያሰብነው ሳይሆን ሲቀር፥ በ43 ዓመቱ እርሳሱን የሰቀለውን ሰው እናስታውሳለን፤ በቍጣ ልንጽፍ ብዕር ስናነሣም ያንኑ ሰው እናስታውሳለን።