ሄንሪ ኦሲያን ፍሊፐር

ሄንሪ ኦሲያን ፍሊፐር (1856 – 1940 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የጦር መኮንን፣ መሐንዲስ፣ መሬት ቀያሽና ደራሲ ነበረ። በባርነት ተወልዶ ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው በመሆኑ ይታወቃል። በ1882 በጦር ፍርድ ቤት ውሳኔ ከሠራዊቱ ተባረረ። ወደ ሠራዊቱ ለመመለስ በተደጋጋሚ ቢያመለክትም በሕይወት ሳለ አልተፈቀደለትም፤ ስሙ የታደሰው ከሞተ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወትና ትምህርት

ፍሊፐር ማርች 21 ቀን 1856 በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በቶማስቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፌስተስ ፍሊፐር ጫማ ሰፊ ነበረ፤ እናቱ ኢዛቤላ ትባላለች። ሁለቱም በባርነት ይኖሩ ነበር። ሄንሪ የአምስት ወንድማማቾች ታላቅ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ አብቅቶ ባርነት ሲቀር ቤተሰቡ በአትላንታ ይኖር ነበር፤ እርሱም በዚያው ከተማ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተማረ።

በ1873 ከጆርጂያ የተመረጠ አንድ የኮንግረስ አባል ስሙን ስላቀረበለት ወደ ዌስት ፖይንት ገባ። ከእርሱ በፊት የገቡ ጥቁር ተማሪዎች ቢኖሩም አንዱም እስከ ምረቃ አልደረሰም ነበር። ነጮቹ ተማሪዎች ከትምህርት ጉዳይ ውጭ አያነጋግሩትም ነበር፤ አራቱን ዓመት ያሳለፈው ከሞላ ጎደል ብቻውን ነው። በ1877 ከ76 ተመራቂዎች 50ኛ ሆኖ ተመረቀ። በሚቀጥለው ዓመት ስለ አካዳሚው ሕይወቱ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ።

የጦር አገልግሎት

በምክትል መቶ አለቃነት የተመደበው በ10ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ነው። በዚህ ሬጅመንት ወታደሮቹ ጥቁሮች፣ መኮንኖቹ ግን ነጮች ነበሩ። በዛሬው ኦክላሆማ በሚገኘው በፎርት ሲል ምሽግ ሳለ፣ ውኃ ያቆሩ ረግረጎች ወባ ስለሚያመጡ ውኃው የሚፈስበትን ቦይ ነድፎ አስቆፈረ። ቦዩ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ በ1977 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሏል። በ1880 የአፓቼው መሪ ቪክቶሪዮ ላይ በተደረገው ዘመቻ ተካፈለ።

ክሱና ፍርዱ

ከዚህ ቀጥሎ በቴክሳስ በፎርት ዴቪስ የንብረትና የስንቅ ኃላፊ ሆነ። በ1881 ኮሎኔል ዊሊያም ሻፍተር የምሽጉ አዛዥ ሆኖ ሲመጣ ፍሊፐርን ከንብረት ኃላፊነቱ አነሣው፤ የስንቁን ሥራ ግን ለጊዜው አልወሰደበትም። ፍሊፐር የመንግሥቱን ገንዘብ በመኖሪያ ክፍሉ ባለ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ገንዘቡን ቢቆጥር ጎደለበት። ነገሩን ለአዛዡ ከመናገር ይልቅ ደበቀው፤ ከመጽሐፉ ሽያጭ ገንዘብ ይመጣልኛል ብሎ በማሰብም ሒሳብ በሌለበት ባንክ ስም የ1,440.43 ዶላር ቼክ ጻፈ።

ጉድለቱ ሲታወቅ በኦገስት 1881 ታሰረ። የተከሰሰው 3,791.77 ዶላር አጉድለሃል ተብሎ ነው። የከተማው ነጋዴዎችና ወዳጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዘብ አዋጥተው ጉድለቱን ሞሉለት። ይህ ግን ከመከሰስ አላዳነውም።

የጦር ፍርድ ቤቱ ሁለት ጥያቄዎች ቀረቡለት። የመንግሥት ገንዘብ ሰርቋል በሚለው ክስ ፍሊፐርን ነጻ አወጣው። ሐሰተኛ መግለጫና የማይከፈል ቼክ በመስጠት ለመኮንን የማይገባ ጠባይ አሳይቷል በሚለው ግን ጥፋተኛ አለው። በጊዜው በነበረው የጦር ሕግ ለዚህ ጥፋት የተደነገገው ቅጣት መባረር ነው። የሠራዊቱ ዋና የሕግ ሹም ቅጣቱ እንዲቀልለት ሐሳብ ቢያቀርብም፣ ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር ፍርዱን አጸደቀው። ፍሊፐር ጁን 30 ቀን 1882 ከሠራዊቱ ወጣ። ያን ጊዜ ዕድሜው 26 ነበር።

ወደ ሠራዊቱ ለመመለስ ያደረገው ጥረት

ፍሊፐር በኤል ፓሶ ተቀምጦ በሜክሲኮና በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በቀያሽነትና በማዕድን መሐንዲስነት ሠራ። የስፓኒሽ ቋንቋ ጠንቅቆ ያውቅ ስለ ነበር፣ ከ1893 እስከ 1901 ድረስ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የድሮ የስፓኝና የሜክሲኮ የመሬት ሰነዶችን እንዲመረምርና እንዲተረጉም ቀጠረው። ሠራዊቱ አይታመንም ብሎ ያባረረውን ሰው ሌላው የመንግሥት ክፍል በመሬት ክርክር ላይ ምስክር አድርጎ አቀረበው።

በ1898 ከስፓኝ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ለማገልገል ራሱን አቀረበ። ፕሬዚዳንቱ ያጸደቀው ፍርድ ስለ ነበረ፣ ማዕረጉን ሊመልስለት የሚችለው ኮንግረስ በልዩ ሕግ ብቻ ነበር። ስለዚህ በዚያው ዓመት ረቂቅ ሕግ ቀረበለት። ፍሊፐርም ለኮሚቴው በጻፈው ማስረጃ፣ ገንዘብ አጉድለው ቀለል ያለ ቅጣት ከተቀበሉ ነጭ መኮንኖች ጋር ጉዳዩን አነጻጸረ። ረቂቁ አልጸደቀም። እስከ 1920ዎቹ ድረስ ተመሳሳይ ረቂቆች ደጋግመው ቀረቡ፤ አንዱም ሕግ አልሆነም።

በ1921 የቆየ ወዳጁ አልበርት ፎል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆን ፍሊፐርን ረዳቱ አድርጎ ወደ ዋሽንግተን አመጣው፤ ለጉዳዩም ድጋፉን ሰጠ። ይህም አልረዳውም። ፎል ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነዳጅ መሬት ጉቦ ቅሌት ወደቀ። ፍሊፐር በ1923 ወደ ቬኔዝዌላ ሄዶ ለነዳጅ ኩባንያ ሠራ። በመጨረሻ ወደ አትላንታ ተመልሶ ጳጳስ ከሆነው ወንድሙ ከጆሴፍ ዘንድ ኖረ፤ በ1940 በ84 ዓመቱ አረፈ።

ከሞቱ በኋላ

በ1976 አንድ የጆርጂያ መምህርና የፍሊፐር ዘመዶች ባቀረቡት ማመልከቻ፣ የሠራዊቱ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ጉዳዩን እንደገና አየ። ቦርዱ የጥፋተኝነቱን ፍርድ የመሻር ሥልጣን አልነበረውም። ቅጣቱ ግን ከመጠን ያለፈና ፍትሕ የጎደለው ነው ብሎ፣ ከጁን 30 ቀን 1882 ጀምሮ የሚቆጠር የክብር ስንብት ሰጠው። በ1978 አስከሬኑ ከአትላንታ ወጥቶ በትውልድ ከተማው በቶማስቪል በወታደራዊ ክብር ተቀበረ።

የቀረውን ፍርድ ሊያነሣ የሚችለው የፕሬዚዳንት ምሕረት ብቻ ነበር። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1999 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ምሕረት አደረገለት፤ በአሜሪካ ታሪክ ለሞተ ሰው የተሰጠ የመጀመሪያው የፕሬዚዳንት ምሕረት ይህ ነው። ዌስት ፖይንት በየዓመቱ፣ ልዩ ችግር ገጥሞት በትዕግሥትና በጽናት ለተወጣ ተመራቂ በፍሊፐር ስም ሽልማት ይሰጣል።