የሙቀትን መንገድ የለካው ሰው

በበጋ ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ላብ ሲያጠምቀው፣ ይሄ ሁሉ ሙቀት በየት በኩል ገባ ብሎ የማይጠይቅ ማን አለ? የጥያቄውን መልስ በሒሳብ ያገኘው ሰው ትዕግሥት ልቤን ስለነካው ታሪኩን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ዦዜፍ ፉሪየር እ.ኤ.አ. በ1768 በፈረንሳይ፣ ኦሴር ከተማ፣ ከልብስ ሰፊ አባት ተወለደ። ገና በልጅነቱ እናትም አባትም ሞቱበት። መነኮሳት በሚመሩት ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገብቶ ከሒሳብ ጋር ተዋወቀ። በ1794 በአብዮቱ ትርምስ ታሰረ፤ ሮቤስፒዬር ሲወድቅ ግን ተፈታ። በ1798 ናፖሊዮንን ተከትሎ ግብፅ ዘመተ። ከዚያ ከተመለሰ ወዲህ ቤቱን አሙቆ፣ ልብስ ደራርቦ መቀመጥ ይወድ ነበር ይባላል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ሙቀትን ቢያጠና ምን ይገርማል!

በ1802 ናፖሊዮን የኢዜር አውራጃ ገዥ አድርጎ ግሬኖብል ላከው። እዚያም መንገድ እያሠራ፣ ረግረግ እያስደረቀ፣ ከሥራው ጎን ለጎን ሙቀት ይለካ ነበር። የብረት ቀለበት አግሎ፣ በቀዳዳዎቹ ቴርሞሜትር እየከተተ ሙቀቱ እንዴት እንደሚጓዝ ይመዘግባል።

ያገኘው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። በአንድ ነገር ውስጥ የሚያልፈው ሙቀት በሁለቱ ፊቶቹ የሙቀት ልዩነት ልክ ይጨምራል፤ ውፍረቱ ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል፤ የተሠራበት ዕቃም ይወስነዋል። ዛሬ መሐንዲሶች በጣሪያ የሚገባውን ሙቀት ሲለኩ አንድ ስስ መለኪያ ይለጥፉበታል። መለኪያው የሚያነበው በራሱ በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ፉሪየር ያለው ይኸንኑ አይደል? የኮንክሪት ጣሪያ ቀን የጠጣውን ሙቀት ለምን ማታ እንደሚለቅብንም የሱ ስሌት ያስረዳል።

ግን ማን ይስማው? በ1807 ጽሑፉን ለፓሪስ ሊቃውንት ሲያቀርብ ታላቁ ላግራንዥ ሒሳቡን አልቀበልም አለ። በ1812 ሽልማት ሰጡት፤ እሱንም ማረጋገጫው ይጎድላል ከሚል ነቀፌታ ጋር። ፉሪየር ግን አልተወውም። መጽሐፉ በ1822 ታተመ። አስቡት፣ 15 ዓመት ሙሉ! በ1830 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ዛሬ ስሙ በኤፍል ማማ ላይ ከተጻፉት 72 ስሞች አንዱ ነው።

እኛስ? አንድ ጽሑፍ ሲመለስብን ብዕራችንን የምንወረውር ስንት ነን? የለካውን የሚያምን ሰው ደግሞ ይለካል፣ ደግሞ ይጽፋል።