ኮሊን ቻፕማንና አሮጌዋ ኦስቲን

የሎተስ መኪናዎች አባት የሆነው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን ሥራውን የጀመረው ከፋብሪካ አልነበረም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምህንድስና እየተማረ አሮጌ መኪናዎችን ይነግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ ለግል መኪና ይታደል የነበረው ቤንዚን ሲቋረጥ ገበያው ወደቀ፤ በእጁም ገዢ ያጣች አንዲት ኦስቲን ሰቨን ቀረች።

ይህችኑ መኪና በኋላ ሚስቱ በሆነችው ወጣት ወላጆች ቤት ጓሮ ወደሚገኝ ጋራዥ አስገብቶ አሮጌ አካልዋን ገፈፈ። ሻንሲዋን አጠናክሮ፣ አሉሚኒየም ከተለበጠበት ኮምፔንሳቶ ቀላልና ጠንካራ አካል ሠራላት፤ አሠራሩም ከመኪና ይልቅ የአውሮፕላን ብልሃት ነበር። በ1948 ለውድድር ደረሰች፤ የሎተስ መኪናዎች የመጀመሪያዋም እርስዋ ናት።

ክብደትን መቀነስ የዕድሜ ልክ ሐሳቡ ሆነ። በ1962 ያወጣው ሎተስ 25 ከቱቦ የተበየደ ሻንሲ አልነበረውም፤ ጫናውን የሚሸከመው ቅርፊቱ ራሱ ነበር። ጂም ክላርክም በ1963 የዓለም ሻምፒዮን ሆነበት። ሆኖም ቅለት ዋጋ አለው፤ በ1970 ዮኸን ሪንት በሞንዛ ሲሞት የአደጋው መነሻ የፊት ፍሬን ዘንግ መሰበር እንደሆነ ታመነ። ቻፕማንን የሚያደንቅ ባለሙያ ይህንንም አብሮ ሊመዝን ይገባዋል።

ቻፕማን በ1982 በ54 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። በጓሮ የታደሰችው መኪና በ1950 ተሸጣ ከእጁ ወጥታ ነበር፤ ቤተ ሰቡ በ2018 እንኳ ገና ያፈላልጋት ነበር።