ጋኪ ሸሮቾ፦ ነፃነት የማን ነው?

ሰሞኑን አንዳንድ እኩዮቻችን ከስማቸው ሥር ሊበርታሪያን ብለው ሲጽፉ እያየን ነው። ምን ማለት ነው? ባጭሩ፦ ሰው የራሱ ጌታ ነው፤ ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ በሕይወቱ፣ በጉልበቱና በንብረቱ ማንም አይዘዝበት፤ የመንግሥት ሥልጣንም ልክ ይኑረው ማለት ነው።

ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ጥያቄው ግን ለቦንጋ አዲስ አይደለም። ለዚህም ዛሬ የመጨረሻውን የካፋ ንጉሥ፣ የታቶ ጋኪ ሸሮቾን ታሪክ ይዘን መጥተናል። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋኪ ሸሮቾ የነገሠው በ1890 ነው። ታቶ በካፊኛ ንጉሥ ማለት ነው። የካፋ ታቶ በጣም የተከበረ ነበር፤ ተራ ሰው ፊቱን እንደልቡ አያይም። ግን ደግሞ ብቻውን ያሻውን አያደርግም። ሚክሬቾ የሚባል የሰባት አማካሪዎች ሸንጎ ነበረ። የአገሩ ትልልቅ ጉዳዮች እዚያ ይመከርባቸዋል። የተጻፈ ሕገ መንግሥት ባይኖርም፣ ሥልጣን ልክ እንዳለው ካፋዎች ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ካፋ በድንበሯ ዙሪያ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራ፣ መግቢያውን በኬላ ዘግታ ራሷን ስትጠብቅ ኖራለች። አፄ ምኒልክ ግብር ሲጠይቁ ጋኪ አልገብርም አለ። ጣሊያን ዓድዋ ላይ በተሸነፈ በዓመቱ፣ በ1897፣ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራ ትልቅ ጦር ካፋ ገባ። መጪው ጦር ጠመንጃ አለው፤ አብዛኛው የካፋ ተዋጊ የያዘው ጦርና ጋሻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጋኪ ጫካውን ተገን አድርጎ ለወራት ተዋጋ። በመጨረሻ በመስከረም ወር 1897 ተያዘ።

በብር ሰንሰለት ታስሮ ወደ ሸዋ እንደተወሰደ ይነገራል። ጎጀብን ሲሻገር የወርቅ ቀለበቱን ወንዙ ውስጥ ጥሎ፣ የካፋ ንግሥና በእኔ አበቃ እንዳለም ሽማግሌዎች ያወራሉ። ዘውዱም ከአገር ወጥቶ ለብዙ ዓመታት ስዊዘርላንድ ቆየ። ጋኪ ዳግም አልነገሠም፤ በ1919 አዲስ አበባ ላይ አረፈ።

ሕዝቡስ? በጦርነቱ ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙው በባርነት ተጋዘ። የቀረው ገባር ሆኖ በገዛ መሬቱ ላይ ለሌላ አረሰ። አንድ ሰው ላብ ያፈሰሰበት ነገር የራሱ ካልሆነ ነፃነት ምን እንደሚመስል አያቶቻችን በጉልበታቸው ከፍለው አውቀውታል።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ግን ሙሉ እውነት አይሆንም። ነፃነቱን ላለመስጠት የተዋጋው መንግሥት ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። ከካፋ ወደ ውጭ ከሚሄዱት የንግድ ዕቃዎች መካከል ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጎን ሰውም ነበረ። አድነው የሚኖሩት ማንጆዎች ደግሞ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ አይበሉም፣ አይጋቡም ነበር። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 ነው። ማንጆዎችን ማግለሉ ግን ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ይህን የአካባቢው ልጆች በደንብ እናውቃለን።

እና ጋኪ ሸሮቾ የነፃነት ጀግና ነው ወይስ አይደለም? እኛ ጀግና ነው እንላለን፤ በኃይል የመጣበትን እንቢ ብሏል። ነገር ግን የአገር ነፃነትና የሰው ነፃነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ታሪኩ አሳይቶናል። አገር ነፃ ሆና ውስጧ ያለው ሰው ታስሮ ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ከስማችሁ ሥር ሊበርታሪያን ብላችሁ የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ መንግሥት እጁን ይሰብስብ ማለት ግማሹ ነው። ከባዱ ግማሽ የራስን እጅ መሰብሰብ ነው። ጎረቤታችን ማንጆ ስለሆነ ብቻ አብረነው ቡና የማንጠጣ ከሆነ፣ ስለ ነፃነት ገና ምንም አልጀመርንም።